ጠሪሽን ሳታዪ

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማው ውስጥ እንደ ቤተኛ ነው የሚገባው፤ በር አያንኳኳ፣ ይቅርታ አይል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለችው የእንድሪስ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅም ክረምቱን ሙሉ እርጥብ እንጨት፣ የተቃጠለ ሽቦና የቆየ አቧራ ስትሸት ትከርማለች። እንድሪስ ሽታውን ለምዶታል። ጠዋት የቆርቆሮ በሩን ይከፍታል፣ ከጎረቤቱ ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ምትኩ ጋር ስለ ብርዱ ሁለት ሦስት ቃል ይባባላል፣ ከዚያ ካቻቢቴውን ይዞ አንዱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ጭንቅላቱን ይቀብራል። በቃ፣ ኑሮው ይኸው ነው፤ አልሀምዱሊላህ ተብሎ የሚታደርበት ኑሮ።

በዚያ ሰሞን ሚስቱ ሰዓዳ እህቷን ልታርስ ኮምቦልቻ ወርዳ ነበር። ስትሄድ በር ላይ ቆም ብላ «ልጄን አደራ፣ እንድሪስ» አለችው። «ኧረ አንቺ ሰው! ያንቺ ብቻ ናት እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። ልጃቸው ረምላ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አፏ ግን የሰማንያ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቀጥ ብላ ሱቅ ትመጣና ጥግ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። መንገዷ አጭር ነው፤ ግን ጉሙ ሲከብድ ሰው የራሱን ጫማ እንኳ ስለማያይ፣ እንድሪስ ሟች እናቱ እሱን ያስተማሩትን እሷንም አስተማራት።

«በጉም ውስጥ ስምሽ ቢጠራ፣ የእኔ ድምፅ እንኳ ቢሆን፣ ጠሪሽን በዓይንሽ ሳታዪ አቤት እንዳትይ።»

«ካልኩስ?»

«አቤት ማለት በር መክፈት ነው። ማን እንደሚገባ ሳታውቂ ትከፍቻለሽ?»

ረምላ አሰበችበትና «አልከፍትም» አለች። ይህች ልጅ አንዴ አልከፍትም ካለች አልከፍትም ነው።

ማክሰኞ ዕለት የጂኦግራፊ አስተማሪው መምህር ጥላዬ ኮምፒውተራቸውን ከዝናቡ ለማዳን በካፖርታቸው ሸፍነው፣ እንደታመመ ልጅ አቅፈው መጡ። «ሞቷል» አሉ። የሞተው ሃርድ ዲስኩ ነበር። እንድሪስ ሌላ እቀይርልዎታለሁ ሲላቸው፣ ከተቀየረ አይቀር ሁለት ሲስተም ይጫንበት አሉ፤ ለእሳቸው የለመዱት ዊንዶውስ፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባው ልጃቸው ደግሞ ሊኑክስ።

«አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ማለት ነው» አላቸው እንድሪስ። «ሲነሳ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቅዎታል። ትንሽ ይጠብቃል፤ ዝም ካሉት ራሱ መርጦ ይከፍታል።»

«ብቻ ተከራዮቹ እንዳይጣሉብኝ» አሉና እየሳቁ ወጡ።

ምትክ የሚሆነውን ዲስክ እንድሪስ ከካርቶን ውስጥ አወጣ። ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል፤ ያገለገሉ ዲስኮች ተጠቅልለው ይመጣሉ፣ በፊት የማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንድሪስ ግን እንዲህ ያለውን ዲስክ ከመግጠሙ በፊት የማይተዋት ልማድ አለችው፤ መብራት ይሰጠውና ጆሮውን ይለጥፍበታል። ጤነኛ ከሆነ ለስላሳ ዙረቱ ብቻ ይሰማል፣ ከታመመ ቀጭ ቀጭ ይላል። ረምላም አንዳንዴ እንደ አባቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ታስጠጋና፣ እንደ ሐኪም ኮስተር ብላ «ተኝቷል» ትላለች።

ያን ቀንም እንድሪስ ጆሮውን ለጠፈ። ዲስኩ ያለ እንከን ይዞር ነበር። ከዙረቱ ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ በብዙ ግድግዳ ውስጥ አልፎ እንደሚመጣ ያለ ቀጭን ድምፅ «እንድሪስ» አለ።

«አቤት» አለ እሱ ሳያስበው፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ።

«ምን?» አለች ረምላ ከዱካዋ።

«አልጠራሽኝም?»

«እኔ መቼ ነው እንድሪስ ብዬ የጠራሁህ? አባባ አይደል የምልህ? ደሞ ሳታዪ አቤት አትበይ የምትለው አንተ!»

ሁለቱም ሳቁ። ጆሮውን መልሶ ሲያስጠጋ ግን ዲስኩ ዝም ብሏል፣ የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ዝም ብሏል።

እንግዲህ ሥራ ሥራ ነው። ዲስኩን ለሁለት ከፈለው፣ አንዱን ሲስተም ጫነ፣ ሌላውን ጫነ፣ አጥፍቶ አስነሳው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ዝርዝሩ ወጣ፤ ሦስት መስመር ነበር። ሁለቱ እሱ የጫናቸው ናቸው። ሦስተኛው ምንም አልተጻፈበትም፤ ሆኖም የመምረጫው ነጭ ምልክት ሲወርድ ባዶው ቦታ ላይ እንደማንኛውም መስመር ቆመበት። የቀድሞው ባለቤት ትራፊ መሰለውና «ያልተጠራ እንግዳ!» እያለ ዲስኩን ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶ ሁሉንም ከሀ ብሎ ጀመረ። እንደገና ሲያስነሳው ባዶው መስመር አሁንም አለ፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር ከታች የነበረው ወደ ላይ መውጣቱ ብቻ ነው።

በማግስቱ የሁለቱ ሲስተሞች ሰዓት አልገጠመም፤ የሦስት ሰዓት ልዩነት ነበረው። በዚህ እንኳ የሚደነግጥ የሙያ ሰው የለም። አንደኛው የማሽኑን ሰዓት የአገራችን ነው ብሎ ያነበዋል፣ ሌላኛው የግሪንዊች ነው ብሎ ያነበዋል፤ እናም አብረው ሲኖሩ አንዱ ከሌላው ላይ ሦስት ሰዓት ሲሰርቅ ይኖራል። እንድሪስ ሊያስተካክለው ጎንበስ ሲል ከመስጊዱ የቀትሩ የዙሁር አዛን ይሰማ ነበር። አዛኑ አለቀ። ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ። አዛኑ እንደገና ጀመረ። «ምን ነካቸው ዛሬ?» ብሎ ቀና ሲል ውጭው ደብዝዟል፣ ሻዩ በረዶ ሆኗል፣ የሚሰማውም ከዙሁር ሦስት ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣው የአስር አዛን ነው። ረምላ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። ስትገባ አላያትም። ጭኗ ላይ በሥርዓት የተላጠ ብርቱካን አለ።

«ማን ላጠልሽ?» አላት።

ልጅቱ ቀና አለች። ፊቱን አንድ በአንድ ካጠናችው በኋላ «አንተ» አለች።

ሱቁን ሲዘጋ ጋሽ ምትኩ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «ዛሬስ ደስ ብሎሃል» አሉት። «ለልጅቱ ስታንጎራጉርላት ሰማሁ። ድምፅ አለህ ለካ አንተ!» እንድሪስ በዕድሜው አንጎራጉሮ አያውቅም፤ ሰርግ ላይ እንኳ ከንፈሩን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ጋሽ ምትኩን ግን አይ እኔ አይደለሁም አላላቸውም። እንዴት ብሎ ይላል?

ሐሙስ ጠዋት የረምላን ሻርፕ ሲያስርላት፣ አገጯን ቀና አድርጋ «አባባ፣ አሁን አንተ ነህ?» አለችው።

«ሌላ ማን ልሆን?»

«ማታ አልጋዬ ጋ ዝም ብለህ ቆመህ ነበር። አባባ ብልህ ዝም። የቱን ልክፈት እንደሚለው ኮምፒውተር፣ እንደዚያ። ቆይተህ ቆይተህ ነው አቤት ያልከኝ።»

እንድሪስ ማታ እንደ ድንጋይ ነበር የተኛው፤ ቢያንስ እሱ የሚያውቀው እንደዚያ ነው። እጇን አጥብቆ ይዞ ትምህርት ቤት በር ድረስ አደረሳትና፣ ሱቁ ገብቶ በሩን ከውስጥ ገፋ አድርጎ፣ ያን ባዶ መስመር ከፈተው።

ሰላምታ የለውም፣ አርማ የለውም። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ጥቁረቱም ሰው ትንፋሹን ይዞ እስኪጨንቀው ድረስ ቆየ፤ ከዚያ አንድ ፎቶ ታየ። ረምላ ናት፤ ዱካዋ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ብርቱካን ትበላለች። የመምህር ጥላዬ ኮምፒውተር ካሜራ የለውም። ሱቁ ውስጥም ካሜራ የለም። ፎቶው የተነሳው ከጠረጴዛው ኋላ፣ ከቆመ ሰው ዓይን ከፍታ፣ ልክ አሁን እሱ ከቆመበት ቦታ ነው። ቀጣዩን ከፈተ። ረምላ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ ከላይ። ከግርጌው ብርድ ልብሷን የሚያስተካክል እጅ ይታያል፤ አውራ ጣቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። እንድሪስ ያንን ጠባሳ ያገኘው ይቺው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ፈራ። ምን ይደበቃል! ለራሱ ቢሆን ኖሮ ሼህ ጋ ሄዶ ቁርአን ያስቀራበት ነበር፤ ግን ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የምታድረው ረምላ ናት፣ አደራ የተባለው በእሷ ነው፤ አሁን ደግሞ ሊጠብቃት የሚገባው ከራሱ እጅ ሊሆን ነው። ስልኩን አንስቶ ሰዓዳ ጋ ደወለ።

«ዛሬ ረምላን ይዤልሽ እወርዳለሁ። አንቺ ጋ ትሁን።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች።»

«አንተስ? ድምፅህ ልክ አይደለም።»

«ብርዱ ነው» አላት። ሌላ ምን ይበላት? የሰው ኮምፒውተር ሳስተካክል እኔ ለሁለት ተከፈልኩ ይበላት?

ቀኑን በሩ አጠገብ ቆሞ አሳለፈው፤ ከተቀመጠ ሰዓቱ ይሰረቅበት ይመስል። ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት ሲደርስ ጉሙ እስከ ደጁ ድረስ ገብቶ ነበር። ረምላ ስትመጣ ቀጥታ መናኸሪያ እንሄዳለን ብሎ ወሰነ፤ ከዚያ በፊት ግን ይህን ነገር መቅበር አለበት። ዲስኩን ከነሽቦው ነቅሎ አወጣው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ መዶሻውን አነሳ። የመምህር ጥላዬን ነገር በኋላ ያስብበታል። መዶሻውን ከትከሻው በላይ ከፍ ሲያደርግ፣ መብራት የሌለው ዲስክ መዞር ጀመረ።

«አባባ!» አለ ከውስጡ።

የረምላ ድምፅ ነው። በትክክል የእሷ፤ ስታለቅስ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቀው ድምፅ።

«አባባ፣ ጨለማ ነው። የት ነህ? ምንም አይታየኝም!»

እንድሪስ ወደ በሩ ዞረ። ጉም ብቻ። ልጆች እየተንጫጩ ሲያልፉ ይሰማል፤ ረምላ ግን የለችም፣ ዘግይታለች። የእናቱን ምክር ያውቃል፤ እሱ ራሱ ያስተማረው ነው፤ እንዳይመልስ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። መዶሻውን ቢያወርደውና ልጁ እዚያ ውስጥ ብትሆንስ? «አባባ» አለች እንደገና፣ በጣም ዝቅ ባለ፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። እስቲ የትኛው አባት ነው ይህን ሰምቶ የሚችል?

«አቤት! አቤት የኔ ልጅ፣ አለሁ!»

መዶሻው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማው። ሰማው እንጂ አላየውም። እጁን ሊሰድ ፈለገና የሚሰደው እጅ አጣ። ሊጮህ ፈለገና አፉ የት እንደነበረ ጠፋው። ጨለማው ዓይን ተጨፍኖ የሚታየው ዓይነት እንኳ አልነበረም፤ የእርጥቡ እንጨት ሽታ ሄዷል፣ ያ የለመደው የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ሄዷል፣ በዙሪያው ያለው ለስላሳ፣ የማያቋርጥ፣ እንከን የሌለው ዙረት ብቻ ነው። ከውጭ ግን ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይሰማል። የጋሽ ምትኩ የስፌት መኪና ይንጣጣል። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ መዶሻ አነሳ፣ በጥንቃቄ ቦታው መለሰው። ከዚያም በሚያምር ድምፅ፣ በእንድሪስ ድምፅ፣ ማንጎራጎር ጀመረ።

እርጥብ ጫማ ደጃፉ ላይ ተንፏቀቀ። «ጉሙ አዘገየኝ» አለች ረምላ። እውነተኛዋ ረምላ፣ ምንም ያልሆነች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ከዚያ «አባባ፣ አሁን አንተ ነህ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ እንጂ የኔ እመቤት!» አለ ያኛው፣ ቅንጣት ሳይዘገይ። «በሩን ልቆልፍና እናትሽ ጋ እንወርዳለን። ሰዓዳም ናፍቃኛለች።»

ወደ በሩ ሲራመድ፣ ቆርቆሮውም ሲንኳኳ ተሰማ። የረምላ ኮቴ ደግሞ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ፤ ትንፋሿም ቀረበ፣ በጣም ቀረበ። ጆሮዋን እንደ ልማዷ ዲስኩ ላይ ለጥፋለች። አቤት ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት በዚያች ሰዓት ከእንድሪስ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዳትመልስለት እየለመነ፣ ዝም ማለትም አቅቶት፣ ባለ በሌለ ኃይሉ «ረምላ!» ብሎ ጮኸ።

ትንፋሿ ቆመ። ሰምታዋለች። ከንፈሯ ሲላቀቅ እንኳ ሰማ።

አልመለሰችም። አልከፍትም ያለች ልጅ አትከፍትም።

«ረምላ!» አለ ያኛው ከበሩ ላይ። ልጅቱ ጆሮዋን ከዲስኩ አንስታ ዞር አለች፣ ጠሪዋን በዓይኗ ደህና አድርጋ አየችው፣ አይታም ልክ አባቷ እንዳስተማራት «አቤት አባባ» አለች።