ሰው ፈላጊው በደረቁ ጉድጓድ

የአሊዮ ኢሳቅን አስከሬን ያገኙት ማለዳ የጠፋች ፍየል ሊፈልጉ የወጡ ሴቶች ናቸው። ከባይዶዋ ወጣ ብሎ ካለው ከሀንቦባር የተፈናቃዮች ሰፈር ጀርባ፣ ውሃው ከደረቀ ዘመን ባስቆጠረ ጉድጓድ ውስጥ አንገቱ ተቆልምሞ ተጋድሟል።

በሰፈሩ አሊዮን የማያውቅ አልነበረም፤ የመጡትን መመዝገብና የጠፉትን ማፈላለግ ሥራው ነው። ድርቅ ያባረረው፣ ጦርነት የነቀለው ሁሉ ገና አህያውን ሳያራግፍ አሊዮ ይደርስበታል። ከየት እንደተነሳ፣ ምን እንዳስነሳው ይጠይቃል። መንገድ ላይ ልጅ ወይም እናት የጠፋችበት ካለ ደግሞ በየሰፈሩ ላሉት ባልደረቦቹ እየደወለ ያፈላልጋል። ሰው ሲያናግር የሰውየውን አነጋገር ሰምቶ መንደሩን ያውቃል ይሉታል።

ኢንስፔክተር ኢባዶ ኑር ከከተማ ስትደርስ አስከሬኑን አውጥተው ሰሌን ላይ አጋድመውታል። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ምላሷ የማይምር ሴት ናት። ተንበርክካ የሟቹን ደረት ኪስ ዳበሰች። መነጽሩ እግሮቹ ታጥፈው፣ ምንም ሳይሰነጠቅ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል።

«ትናንት ቀትር ላይ ያ አቧራ ሲነሳ መንገድ ጠፍቶት ነው» አለ የሰፈሩ ኃላፊ ማደይ። የመሬቱም ባለቤት እሱ ነው። «በዚያ ነፋስ ማን ደጅ ይወጣል? አላህ ይማረው። ዛሬውኑ እንቅበረው።»

«ይቀበራል፣ አዴር» አለች ኢባዶ፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። «ግን ዓይኑ ደካማ የሆነ ሰው በአቧራ ሲሄድ መነጽሩን ያወልቃል?»

«እንዳይጫርበት ይሆናላ!»

ኢባዶ በእጇ «አገላብጡት» የሚል ምልክት ሰጠች። ሁለት ፖሊሶች አስከሬኑን ሲያገላብጡት ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ክብ ቁስል ታየ። ሸሚዙ ጀርባ ላይ የማሽላ እብቅ ተጣብቋል።

«ጉድጓዱ ውስጥ ማሽላ ስትወቅጡ ነበር እንዴ?» አለች። የሳቀ አልነበረም።

ነፋሱ ሊነሳ ሲል አሊዮ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሲታጠፍ ያዩት ሰዎች ነበሩ። በዚያ ረድፍ ያሉት የማደይ ቆርቆሮ ቤት፣ የውሃ ቦቴው ሾፌር ወርሰሜ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታና ሙሚኖ የምትባል ሴት ጎጆ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱ ነው።

ከማደይ ጀመረች።

«ከአሊዮ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ማን አለ?»

«ጆሮ ያለው ሁሉ።»

ማደይ አንገቱን አከከ። «እርዳታው በጎጆ ቁጥር ስለሆነ፣ እንግዳ ይመጣል ብዬ ጎጆ አሠራለሁ። እሱ ደግሞ ‹ባዶ ጎጆ ቤተሰብ አይባልም› ብሎ ለእርዳታ ሰጪዎቹ አሳጣኝ። ሰደብኩት። በሰደብኩት ቁጥር ሰው ቢሞትማ ኖሮ፣ ኢንስፔክተር፣ ባይዶዋ ሰው አይተርፍባትም ነበር።»

«ሻይ አብራችሁ ትጠጣላችሁ?»

«ከእሱ ጋር? ውሃ ጠምቶት ቢሞት አልሰጠውም ነበር!» አለና ያለው ነገር ሲታወቀው ክው አለ።

ወርሰሜን ያገኘችው ቦቴው ጎማ ሥር ተጋድሞ ነው። ሲያያት ዘሎ ተነሳ።

«ኤዶ» አለ እንደ አክስት አክብሯት፤ «እኔም ተጣልቼዋለሁ፤ አልዋሽም። ‹በአገራችሁ ዝናብ ጥሏል› እያለ ሰዉን ወደ ቀዬው ሸኘብኝ። ሰው ከሄደ ውሃውን ለማን ልሽጥ? ግን ሰውየውን እወደው ነበር። ሻይ ቤት ስንቀመጥ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ መሰለዎት!»

«ምኑ ያስቅ ነበር?»

«ትኩስ ሻይ ሲይዝ እንፋሎቱ እያጨለመበት መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ይከታል። ያኔ ታዲያ ግመልና ፍየል አይለይም። አንድ ቀን እኔን ሚስቱ መስዬው ‹ስኳር ጨምሪበት› አለኝ።» ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ትናንት ሻይ ቤቱ ክፍት ነበር?»

«በዚያ አቧራ? የት ተከፍቶ! እኔ ጋቢናው ውስጥ መስኮት ዘግቼ ተኛሁ። ክብሪት እንኳ የለኝም።»

ሙሚኖ ጎጆዋ ደጅ ከሦስቱ ጉልቻዎች አጠገብ ተቀምጣ ገንፎ ታማስላለች፤ ሙቀጫዋ ከነዘነዘናው ግድግዳው ሥር ቆሟል። ከዲንሶር ገበሬዎች ናት። ሰፈሩ ሁሉ ታሪኳን ያውቃል፤ ድርቁ በመንገድ ላይ ልጆቿን አንድ በአንድ ወስዶባት፣ የመጨረሻዋን ልጅ ሀቢቦን ብቻ አዝላ ገባች ይላሉ። አሁን ሀቢቦ አራት ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ታሻለች።

«ይቀመጡ፣ ኤዶ። ቤት ያፈራውን አይናቁ» አለች ሙሚኖ።

ኢባዶ ተቀመጠች። ነፋሱ ጭሱን እየገፋ ጎጆው ውስጥ ይከተዋል። ልጅቷ ሳለች።

«ምድጃሽን ወዲያ ብታዞሪው ምን አለበት? ልጅቷ በጭስ አለቀች እኮ።»

«ሁልጊዜም እዚሁ ነው፤ ለምዳዋለች።»

ኢባዶ ጉልቻዎቹን አየች። የአንዱ በጥላሸት የጠቆረ ገጽ ከእሳቱ ተመልሶ ወደ ውጭ ዞሯል። ከጎጆው ማዶ፣ ከነፋሱ ከለላ በሆነው በኩል፣ አፈሩ አዲስ ተደልድሏል።

«አሊዮ ትናንት ወደዚህ መጥቶ ነበር?»

«ኧረ ካየሁት ሰንብቻለሁ።»

ልጅቷ ውሃ ጠየቀች። የጠየቀችው በግመል አርቢዎቹ አነጋገር እንጂ በሙሚኖ የገበሬዎች ቋንቋ አልነበረም። ሙሚኖ ፈጥና አጠጣቻት፤ ከዚያም ቀሚሷን አስተካክላ፣ አፏን ጠርጋ፣ ከጆሮዋ ሥር ያለውን ጠባሳ በፀጉሯ ሸፍና ግንባሯን ሳመቻት። ኢባዶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመለከተች። ገዳዩ ማደይ በሆነ ብላ ከልቧ ተመኘች፤ ሰፈሩም ደስ ባለው ነበር።

ከቀብር በኋላ ሁሉንም በማደይ ዳስ ሥር ሰበሰበቻቸው። ከሌላ ሰፈር ለለቅሶ የመጣችው የአሊዮ ባልደረባ ዳሀቦም ዓይኗ አብጦ ከጥግ ተቀምጣለች። ሀቢቦ ሙሚኖ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

«አሊዮ አልወደቀም» አለች ኢባዶ። «መነጽሩን የሚያወልቀው ትኩስ ነገር ሲጠጣ ነው። ስለዚህ ሲሞት ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ፣ ሻይ ቀርቦለት ተቀምጧል። ሻይ ቤቱ ዝግ ነበር። አዴር ማደይ ውሃም አይሰጡትም ነበር፤ ራሳቸው ነግረውኛል። ወርሰሜ እሳት የለውም።»

ማደይ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ።

«ቁስሉ ክብ ነው፤ የዘነዘና ጫፍ የሚያክል። ጀርባው ላይ የማሽላ እብቅ ነበር፤ ማሽላ የሚወቀጥበት ሰሌን ላይ ተጎትቶ ነው ጉድጓዱ የገባው። አዴር ማደይ ቤት ሩዝ ነው የሚበላው። በረድፉ ውስጥ ሙቀጫ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሙሚኖ ዞረ። እሷ የልጅቷን ፀጉር ትዳብሳለች።

«ልጇን የምትወድ እናት ጭሱ ልጇ ዓይን ውስጥ እንዲገባ አድርጋ ምድጃ አትሠራም። ምድጃው ትናንት ነው የዞረው፤ ጉልቻው ከነጥላሸቱ ተገልብጧል። የድሮውን ቦታ ቀብር ላይ ሳላችሁ አስቆፈርኩት። ደም የጠጣ አፈር ነው ያገኘነው።»

«ምን አደረጋት?» አለ ወርሰሜ። «በአላህ፣ ያ ሰው ዝንብ እንኳ…»

«ምንም አላደረጋትም። ሀቢቦ አፏን የፈታችው በአርቢዎች ቋንቋ ነው። ሙሚኖ አልወለደቻትም። እኔ በአንድ ቃል ከጠረጠርኩ፣ አሊዮማ እንዴት ይስተው? ሙሚኖ፣ ትናንት ምን አለሽ?»

ሙሚኖ ልጅቷን እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«መንገድ ላይ ነው ያገኘኋት። የራሴን የመጨረሻ ልጅ ቀብሬ ስነሳ አፏን ገና የፈታች ልጅ ቁጥቋጦ ሥር ታለቅሳለች። ማንም የለም። ጠበቅኩ፣ ተጣራሁ፤ የመጣ የለም። ጡቴ ገና አልደረቀም ነበርና አጠባኋት። ምን ላድርግ? ለጅብ ትቻት ልሂድ?»

«አሊዮስ?»

«ከነፋሱ ሸሽቶ ከጎጆው ከለላ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ አፈላሁለት። መነጽሩን አወለቀና ‹ሙሚኖ፣ የሀቢቦን እናት አገኘኋት› አለኝ። ከዚያ ሻዩን አንስቶ እፍ እፍ ይላል። እንደ ቀላል ነገር እፍ እፍ ይላል! ዘነዘናው እጄ ላይ ነበር። ቀሪውን አልሰማሁም። አልፈለግኩም። ሁሉንም ልጆቼን ድርቅ ወስዶብኛል፤ እሷን አልሰጥም አልኩ።»

ከጥጉ የታፈነ ጩኸት ወጣ። ዳሀቦ አፏን በሻሿ ይዛ ተነስታለች።

«እኔ ነኝ የደወልኩለት» አለች። «እናቷን እንዳፈላልግ ጠይቆኝ ነበር፤ ያገኘሁት ግን መቃብሯን ነው። ሴትየዋ እኛ ሰፈር ኮሌራ ገድሏት ተቀብራለች። ጆሮዋ ሥር ጠባሳ ያላት ልጅ ጠፍታባት ስትፈልግ እንደነበር ጎረቤቶቿ ነገሩኝ። ዘመድ የላትም። አሊዮ ‹እንግዲህ ሄጄ ልጅቷ ያንቺ ናት ልበላት፤ ከእንግዲህ በስጋት አትኑር› ብሎኝ ነበር የወጣው።»

ማደይ እንኳ አንገቱን ደፋ።

ሙሚኖ የሰማችው የገባት ቆይቶ ነው።

«መቼ ሞተች?»

«ካለፈው ረመዳን በፊት።»

«እንግዲያማ» አለች ሙሚኖ፤ «የኔ ነበረች።»

ሙሚኖ የተኛችውን ልጅ ቀስ ብላ ዳሀቦ ክንድ ላይ አስቀመጠቻት። «ገንፎ ሲሞቅ አትበላም፤ አብርጂላት» አለችና እጆቿን ለፖሊሶቹ ዘረጋች።

ሀቢቦ የነቃችው የመኪናው በር ሲዘጋ ነው። ከዳሀቦ ክንድ ተንሸራታ ወረደችና «እማዬ!» እያለች በአቧራው ውስጥ ሮጠች። ሊይዛት የደፈረ አልነበረም። ኢባዶ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሾፌሩን «ንዳ» አለችው፤ የኋላ መመልከቻውንም መስታወት በእጇ አዞረች።