ስምንት እስኪቆጠር

«አትሳቂብኝ አልኩሽ! ክራንቻዬ ይወድቃል!»

ነሲባ ከእንጨቱ ደረጃ አናት ላይ ቆማለች። ከብርቱካን ልጣጭ የተቆረጡ ሁለት ሹል ጥርሶች ከላይኛው ከንፈሯ ሥር ብቅ ብለዋል። ፊቷ በፉርኖ ዱቄት ነጥቷል፤ ኩሉ ከዓይኗ አልፎ ጉንጯ ላይ ደርሷል፤ ትከሻዋ ላይ ደግሞ አባቷ ሳያዩ ከልብስ ስፌት ቤታቸው ይዛው የወጣችው ጥቁር የኮት ገበር ተጥሏል። ባለፈው እሁድ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ያዩት የጥቁርና ነጭ ፊልም ደም መጣጭ ሰውዬ ሰፈራቸው ዶሮ ማነቂያ ድረስ መጥቶ ቢያያት ሥራውን ይለቅላት ነበር።

አይናዲስ ካሜራውን ከዓይኗ አወረደች። «አልሳቅኩም እኮ። እጄ ነው የተንቀጠቀጠው።»

«እሱማ ፈርተሽኝ ነው!» አለች ነሲባ በኩራት።

አይናዲስ መፍራቱንስ ፈርታለች። የፈራችው ግን ነሲባን አልነበረም። በዱቄት የሚደነግጥ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ገና አልተወለደም። የፈራችው ካሜራው ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ነው። ሠላሳ አራት ትላለች። ፊልሙ ያለው ሠላሳ ስድስት ብቻ ነው።

«እጅሽን አንሺ። እንደ ጥፍራም ሁኚ። እንደሱ! አትተንፍሺ።»

ቀጭ። ሠላሳ አምስት።

ካሜራው የወንድሟ የእሸቴ ነው። እሸቴ ፒያሳ ጋሽ ተክለሃይማኖት ፎቶ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ልክ እጁ ፈታ ሲል ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ከዚያ ቀጥ አለ። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድ መስመር የለም።

እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ድሮ ያለ እሸቴ መሐላ አያውቁም ነበር። ሽንኩርት ሲከራከሩ «እሸቴ ይሙት!»፣ ጎረቤት ምሳ ብሉልኝ ብላ ስትለምናቸው «እሸቴ ይሙት ጠግቤያለሁ!»። ደብዳቤው ከቀረ ወዲህ ያቺ መሐላ ከአፋቸው ጠፋች። ሰው እንዲምሉለት ሲፈልግ ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ጊዜ ሊሉት ጀምረው «እሸ…» ላይ ሲያቆሙ አይናዲስ ሰምታቸዋለች።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ግን አንድ ጥያቄ አላቸው። «ያ ፊልም አላለቀም?»

«አላለቀም እማዬ። ፊልም ደግሞ ሳያልቅ አይታጠብም።»

ይሄ እውነት ነው፤ ፊልም እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ግማሹን ለማጠቢያ የሚሰጥ ማን ሞኝ አለ? ግን ደግሞ ውሸት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ካሜራውን ሠላሳ ሦስት ላይ ያቆመችው አይናዲስ ራሷ ናት። እናቷ የልጃቸው ፎቶ እዚያ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ። የእሱ የመጨረሻ ፎቶ፣ ሠላሳ ሦስተኛው፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም። አይናዲስ ደግሞ እሱን ከማየት ሞቷን ትመርጣለች።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ጉድ ፈላ። ወይዘሮ አስካለ ጊዮርጊስ በር ላይ ጋሽ ተክለሃይማኖትን አገኟቸው። እሳቸውም «ሁለት ዓመት ካሜራ ውስጥ? ኧረ ይበላሻል!» አሏቸው። እናቷ ቤት እንደገቡ ነጠላቸውን እንኳን ሳያወልቁ «እስከ ቅዳሜ ጨርሺው» አሉ። «ካልጨረስሽው ካሜራውን እንዳለ ይዤላቸው እሄዳለሁ።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በሦስቱ ቀሪ ፎቶ ምን እናንሳ ስትል፣ ከእሁድ ጀምሮ በየግድግዳው ጥላ ሥር ጥፍሯን እያሾለች የምትሄደው ነሲባ «ይሄማ ይጠየቃል?» አለቻት።

«አንድ ቀረን» አለች ነሲባ አሁን፣ ክራንቻዎቿን መዳፏ ላይ እየተፋች። «የመጨረሻዋን መንፈስ አድርጊኝ! ያንን ወንድምሽ የሚያውቀውን። ወንበሩ በሆዴ ውስጥ የሚታይበትን።»

«እሱን አላነሳም።»

«እንዴት እንደሚሠራ አሳይቶኛል ብለሽኝ የለ?»

«አላነሳም አልኩሽ!»

«አቦ አንቺ ደግሞ! በናትሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ፋራ አትሁኚ።»

«ነሲባ ተይኝ!»

ነሲባ መች ትተዋለች? ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘላ ወርዳ ካሜራውን ከእጇ ቀማችና ወደ አይናዲስ ፊት አዞረችው። አይናዲስ እጇን ዘርግታ «ስጪኝ!» ብላ ስትጮህ፣ ቀጭ አለ። ነሲባ እየሳቀች የፊልም ማሳለፊያውን ልትስበው ሞከረች። አልንቀሳቀስ አለ።

«አለቀ» አለች።

ዕቃ እንደ ወደቀበት ሰው አይናዲስ ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል። ነሲባ ደንግጣ ገበሩን ከትከሻዋ ጣለችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ምን አደረግኩ? አይናዲስ፣ ምን አደረግኩሽ?»

ያኔ ነው ለሁለት ዓመት በሆዷ የያዘችውን ያወጣችው።

እሸቴ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር፤ እንደ ዛሬው ቅዳሜ። እናታቸው አትክልት ተራ ሄደዋል። ወይዘሮ አስካለ ቤት ውስጥ የሙት መንፈስ ጨዋታ አይወዱም፤ «በቁም ሰው ላይ አታሟርቱ» ነው የሚሉት። ስለዚህ እሳቸው እግራቸው ሲወጣ፣ እህትና ወንድም መጋረጃውን ጋርደው፣ የእናታቸውን ወንበር መሐል ቤት አቁመው፣ ካሜራውን ብፌው ላይ አስቀመጡ።

«መንፈስ ማለት» አላት እሸቴ፣ ፎቶ ቤት እንደሚያደርገው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ቆጠራው ሳያልቅ ከወንበሩ የተነሳ ሰው ነው። ገባሽ? ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ እስከ ስምንት ይቆያል። እኔ እስከ አራት እቀመጥና ቀስ ብዬ እወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚያየው ባዶ ወንበር ነው። ሲታጠብ ግማሽ ሰው እሆናለሁ፤ ወንበሩ በደረቴ ውስጥ ይታያል።»

ሁለት ጊዜ ሞከሩት፤ ሁለቱንም ጊዜ አይናዲስ ገና ሳይጀመር በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ብፌውን ታነቃንቂዋለሽ» አለ እሸቴ። «ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ። ካሜራውን የሚከፍተውን ገመድ ተጭነሽ ያዢና ጮክ ብለሽ ቁጠሪ። እንዳታዪኝ!»

አላየችውም። ግድግዳውን እያየች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አንድ ሁለት ብላ እስከ ስምንት ቆጠረችና ገመዱን ለቀቀች። ዞር ስትል ወንበሩ ባዶ ነው። እሸቴ በሩ ጋ ቆሞ «አበቃልኝ! መንፈስ ሆንኩ!» እያለ ይስቃል። ሰኞ ጠዋት ሄደ።

«እኔ ነኝ» አለች አይናዲስ። «በአፌ ቆጥሬ በቁሙ መንፈስ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እማዬ አታሟርቱ እያለች… ያን ፎቶ ብታየው ትሞታለች፣ ነሲባ። ልጇ ወንበሩ በደረቱ ውስጥ እየታየ…»

ነሲባ በዱቄት የነጣውን ጉንጯን በመዳፏ ጠራረገች።

«እና እኔ ዛሬ የሰው ደም ልጠጣ ነው?» አለች በመጨረሻ። «አባዬ ከሰማ ጉዴ ነው።»

አይናዲስ ሳታስበው በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። ከዚያ እንደገና ፊቷ ተለወጠ።

ነሲባ ወደ ግቢው በር አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ጀርባውን ክፈቺው። ብርሃን ይግባበት፣ ከዚያ ዝጊው። ተበላሸ ትያታለሽ። ጋሽ ተክሌ ራሳቸው ይበላሻል ብለው የለ? ማን ያውቃል? እኔም ትንፍሽ አልል፣ ወላሂ።»

ነገሩ እንዲህ ቀላል ነበር። አይናዲስ ካሜራውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አውራ ጣቷ የጀርባውን መቆለፊያ አገኘው። ፀሐዩ ደረጃው ላይ ወለል ብሎ ወጥቷል። አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው፤ እናቷ ትንሽ ያዝናሉ፣ ያልፍላቸዋል፣ ያን ግማሽ ሰው ማንም ሳያየው ይቀራል።

ያልፍላቸዋል? ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ የእሸቴን የስምንተኛ ክፍል መታወቂያ ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመው አግኝታቸው ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለችው የእሱ ፎቶ መታወቂያው ላይ የተለጠፈችው ብቻ ናት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ግማሽ ፊቱን ይዞታል። ወይዘሮ አስካለ በጣታቸው ጫፍ ማኅተሙን ቀስ እያሉ ያሹታል፤ የሚለቅ ይመስል። አይናዲስን ሲያዩ ደንግጠው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት።

አውራ ጣቷን ከመቆለፊያው ላይ አነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ነሲባ።

አይናዲስ ፊልሙን መልሶ የሚጠቀልለውን ቁልፍ ማዞር ጀመረች። «ጋሽ ተክሌ ምሳ ሳይወጡ እንድረስ። ፊትሽን ታጠቢ፤ እንደዚህ ሆነሽ ከእኔ ጋር አትሄጂም።»

ከዶሮ ማነቂያ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጡ ነሲባ የጆሮዋን ዱቄት ረስታው ነበር። መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያያታል፤ እሷ ውበቷን መስሏት አንገቷን ሰበቀች። አይናዲስ አላየቻትም። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ የፊልሙን ቆርቆሮ ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

ጋሽ ተክለሃይማኖት አንድ ጥርስ አልባ ሽማግሌ ለፎቶ ደጅ አስቀምጠው የሽማግሌውን መነጽር እያስወለቁ ነበር። «ለሰኞ ነው የማደርሰው፣ ልጆች» ካሉ በኋላ ቀና ብለው አይናዲስን አዩ፤ ቆርቆሮውን አዩ። «የእሸቴ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌውን ካስተናገዱ በኋላ በሩን ዘጉ። ፊልሙን አጥበው እስኪያደርቁት አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ነሲባ ወንበር ላይ አንቀላፋች። አይናዲስ ግን ግድግዳው ላይ በፎቶ የተሰቀሉትን ሙሽሮች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

በመጨረሻ ጋሽ ተክለሃይማኖት ከጨለማው ክፍል ጠሯት። «የትኛውን ላትም?»

«ሠላሳ ሦስተኛውን» አለች።

በቀዩ መብራት ሥር ነጩ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ገባ። ሳህኑን በቀስታ ያወዛውዙታል። መጀመሪያ መጋረጃው መጣ። ከዚያ የወንበሩ እግሮች። አይናዲስ እንደዚያ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ጎበዝ!» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት። «ይሄ በስንት ነው የተነሳው?»

«በስምንት። ግን በአራት ወጥቷል። መንፈስ ሊሆን…»

«ማን? እሱ? የትም አልወጣም። ነይ እስቲ እዪ።»

«ጋሼ፣ እፈራለሁ።»

«ነይ እንጂ ልጄ። ቢነሳ ኖሮ የወንበሩ መደገፊያ በደረቱ ውስጥ ይታይ ነበር። የታለ? ስምንቱንም ቁጭ ብሏል። እንዲህ ዝም ብሎ የሚቀመጥልኝ ደንበኛ ባገኝ ምናለ?»

አይናዲስ ዞረች።

እሸቴ ተቀምጧል። ድፍን ሰው ነው፤ ትከሻው፣ ደረቱ፣ አንገቱ ሥር የተፈታችው ቁልፍ ሳትቀር። ልክ ስምንት ሲባል ተፈናጥሮ በሩ ጋ ደርሶ ነው እንግዲህ ያታለላት፣ ያ ሌባ! ዓይኖቹ ካሜራውን አያዩም። ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን፣ ፊቷን ለግድግዳ ሰጥታ ቁጥር የምትጮህ አንዲት ልጅ ወደ ቆመችበት ነው የሚያዩት። እስክትጨርስ ድረስ ሲያያት ቆይቷል።

«ናፍቆኛል፣ ጋሼ» አለች አይናዲስ።

«እኔንም» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት፣ ወረቀቱን ወደ ሁለተኛው ሳህን እያሻገሩ። ቆየት ብለው የመጨረሻዋን ፎቶ በመብራቱ አዩዋት፤ አይናዲስ እጇን ዘርግታ የጮኸችበትን። «እነዚያ ክራንቻ ያላቸው ምንም አይሉም» አሉ። «የሚያስፈራው ይሄኛው ነው።»

ቤት ስትገባ ወይዘሮ አስካለ መስኮቱ ጋ በዚያችው ወንበር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ፣ እማዬ።»

በጋዜጣ የተጠቀለለውን ፎቶ ሰጠቻቸው። እናቷ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ደግመው ጠርገው፣ ጋዜጣውን ፈቱት። ጣታቸው ፊቱ ላይ ሄደ፤ ማኅተም የለበትም።

«ያኔም እንዲህ ከስቶ ነበር እንዴ?» አሉ። እንደገና አዩት። «ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ካሜራው ነው» ብትል ያበቃ ነበር። ስለ መንፈሱም፣ ስለ ቆጠራውም ማንም አይጠይቃትም።

አይናዲስ ዱካውን ስባ ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች። «ወደ እኔ ነው። እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ… አትቆጪኝም አይደል?»

«እሸቴ ይሙት አልቆጣሽም» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሱ።

ያሉትን እሳቸው ልብ አላሉትም። አይናዲስ ግን ያቺን የጠፋች መሐላ ሰምታታለች። እናቷ ዞር ብለው ሲያዩዋት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ጀመረች።

«ያን ቅዳሜ አንቺ አትክልት ተራ ሄደሽ ነበር…»