የሸዋወርቅ ወባ

«ዛሬም ወባዋ ተነሳባት?» አሉ ካቦው አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ የመጋዘኑን በር በአንድ እጃቸው እንደያዙ።

ፀሐይቱ ራሷን ነቀነቀች። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ውሸት ስትናገር ላብ ያጠምቃት ነበር። አሁን ለምዳዋለች፤ እንዲያውም ካቦው ራሳቸው ጀምረው ራሳቸው ስለሚጨርሱላት መናገርም አያስፈልጋትም። ናዝሬት ለኖረ ሰው ስለ ወባ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

«በይ በእናትሽ ቦታ ተቀመጪ። ጠጠሩን ደህና አድርገሽ ልቀሚ» አሏትና አለፉ።

መጋዘኑ ውስጥ ሴቶቹ ወለሉ ላይ በረድፍ ተቀምጠው ቦሎቄ ይለቅማሉ። ጆንያው ይዘረገፋል፣ ሰፌዱ ይሞላል፣ ጠጠሩና የተሰበረው ወደ አንድ ጎን፣ ደህናው ወደ ሌላ ጎን። ደህናው በመርከብ ተጭኖ ውጭ አገር ይሄዳል ይባላል። አቧራው ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው የለቃሚዎቹ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ፀሐይቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አደረገች።

በዚህ ሰዓት የስምንተኛ ክፍል ጓደኞቿ ሒሳብ እየተማሩ ነው። የሚኒስትሪ ፈተና ደርሷል። «ፀሐይቱ መፎረፍ ለመደች፤ ፈተና ደርሶ ይፎረፋል እንዴ?» እያሉ እንደሚያሟት ታውቃለች። የሚፎርፍ ሰው ሲኒማ ቤት ይሄዳል፣ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ከተማ ለከተማ ይዞራል። ቦሎቄ ልልቀም ብሎ የፎረፈ ተማሪ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ከወደቀች ደግሞ ይህ ሰፌድ የእናቷ ሳይሆን የራሷ ይሆናል። ይህን ባታስበው ትመርጣለች።

እናቷ ሸዋወርቅ ወባ የለባትም። ያለባትን ነገር ፀሐይቱ በስሙ ልትጠራው አትችልም። ታላቅ ወንድሟ ወልደአማኑኤል ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ እናቷ አትተኛም። ጉርሻውን ትጠቀልልና እጇ ላይ ትረሳዋለች። አንዳንድ ጠዋት መነሳት ያቅታትና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። አንድ ጊዜ እሳት ላይ የጣደችው ሽሮ አሮ ቤቱን ጭስ ሲሞላው ከጎኑ ቁጭ ብላ ነበር። አባታቸው ከሞተ ቆይቷልና ከፀሐይቱ በቀር ጭሱን ያየ የለም።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት ያን ዕለት። «ሸዋወርቅ ለየላት ይሉኛል። ካቦው ከሰማ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል። ወባ ነው በይ።»

ማልቀስ ደግሞ አይቻልም። ልጁን እናት አገር ነች የጠራችው፤ በዚያ ላይ የምታለቅስ እናት «አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» ትባላለች። ሸዋወርቅ አላለቀሰችም። እንባውን ዋጠችው፤ የዋጠችው ደግሞ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ በላት።

በመጋዘኑ ከእናቷ ጎን የምትቀመጠው ጉዲቱ ናት። ጎረቤታቸውም ናት፤ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ትኖራለች። ሻሼ የምትባል ትንሽ ልጅ አለቻት። የወባውን ወሬ እንደሰማች ለሻሼ ክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠችውን ክሎሮኪን በወረቀት ጠቅልላ ለፀሐይቱ ሰጠቻት። ፀሐይቱ ለመመለስ ሞክራ ነበር። ጉዲቱ ግን «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እናት ስትድን ነው ልጅ የሚድነው» ብላ እጇ ላይ ጨመቀችው። ፀሐይቱ ክኒኑን ቤት ወስዳ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ጉዲቱ «ተሻላት?» ባለች ቁጥር ቆርቆሮው ይታወሳታል።

ጉዲቱ ሌላም ነገር ነበራት። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ለቃሚ ሴቶች ይሰበሰባሉ። ሰው መሰብሰብ የቀበሌ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የመሠረተ ትምህርት ክለሳን ግን የሚከለክል የለም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ፊደሉ በዘመቻው ጊዜ የተጻፈ ነው፣ ሁሉም ከለመዱት ቆይተዋል፣ የሚያጠፋው ግን አልተገኘም። ሴቶቹ ምስራቸውን ይዘው መጥተው እየለቀሙ የከበዳቸውን ያወራሉ። ጉዲቱ ሸዋወርቅን እንድታመጣት ፀሐይቱን ደጋግማ ጠይቃታለች። ፀሐይቱ ሁልጊዜ «ወባዋ ሲለቃት» ትላለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የጉዲቱ ቦታ ባዶ ሆኖ ዋለ። ማዶ የተቀመጠችው በድሪያ እጇን ከቦሎቄው ሳታነሳ ነገሩን አወራች። ሻሼን ወባ ጥሏታል። የበልጉ ዝናብ ኩሬ ስለሞላ ሰፈሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጤና ጣቢያ ክኒን አልቋል፣ እስኪመጣ ጠብቁ ተብሏል። «ጉዲቱ የነበራትንም ለእናትሽ ሰጠች። እሷ እንዲህ ናት» አለች በድሪያ። ለክፋት አልነበረም፤ ወሬዋ ነው። ፀሐይቱ ግን ከዚያ በኋላ ጠጠሩንና ቦሎቄውን መለየት አቃታት።

ቤት ስትገባ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ሄደች። እናቷ ከአልጋው ጠርዝ አየቻት።

«የት ልትወስጂው ነው?»

«ሻሼ ታማለች፣ እማዬ። ክኒን ጠፍቷል።»

ሸዋወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስጪያት» አለች፤ «ግን እናቴን አልስማማት ብሎ ተወችው በያት፣ ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ።» ፀሐይቱ እሺ አለች። እሺታው ከልቧ ነበር። በመንገድ ላይም «አልስማማት ብሎ ተወችው» የሚለውን እንደ ጂኦግራፊ ትምህርት እየሸመደደች ሄደች።

ሻሼ ብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦባት ትንዘፈዘፋለች። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ከበሩ ይሰማል። ጉዲቱ የተጠቀለለውን ወረቀት ስታይ የራሷ እንደሆነ አወቀችው። ክኒኑን ለልጅ እንደሚሰጠው ቆርሳ በስኳር ውሃ አዋጠቻት፣ አፏን ጠረገችላት፣ ደግፋ አስተኛቻት። ከዚያ የቀሩትን ክኒኖች መዳፏ ላይ ዘረጋችና ሁለት ቦታ ከፈለቻቸው።

«ይሄ ለሻሼ ይበቃል» አለች። «ይሄንን ለሸዋዬ መልሺላት። እሷም ታማሚ ናት፤ ባዶ እጇን አላስቀራትም።»

ፀሐይቱ የሸመደደችው ሁሉ ጠፋት። አልስማማት ብሎ ነው ልትል አፏን ከፈተች። የጉዲቱ እጅ ግን እንደተዘረጋ ነው፤ ሻሼም ትንቀጠቀጣለች።

«ሁሉንም ለሻሼ ይስጧት» አለች። «እማዬ ወባ የለባትም። ኖሮባትም አያውቅም።»

ጉዲቱ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች። «ያ ረቢ» አለች። «ልጄ ከትናንት ጀምሮ ስትንዘፈዘፍ ይሄ መድኃኒት እናንተ ቤት ተቀምጦ ነበር?»

ፀሐይቱ መሬት መሬት እያየች የቀረውን አንድ በአንድ ተናገረች፤ አለመተኛቷን፣ የረሳችውን ጉርሻ፣ ያረረውን ሽሮ፣ «ለየላት» እንዳይሏት መፍራቷን። መናገር ከጀመረች በኋላ ማቆም አልቻለችም። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ምን ያህል እንደደከማት ራሷም አታውቅም ነበር። ጉዲቱ ሰማቻት፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። ሲያልቅ «ሂጂ አሁን» አለቻት። «ልጄን ላስታምም።»

ቤት ስትመለስ እናቷ ፊቷን አይታ ገባት።

«ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ።»

«አዋረድሽኝ» አለች ሸዋወርቅ፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ አላናገረቻትም። ፀሐይቱ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እናቷንም ጉዲቱንም በአንድ ቀን አጣሁ ብላ አሰበች፤ ደግሞም ትንሽ ቀለል አላት፣ በመቅለሉም አፈረች። በማግስቱ ሻሼ ላብ ላብ ብሏት ትኩሳቱ እንደለቀቃት ከበድሪያ ሰማች። ከጉዲቱ ግን ምንም አልመጣም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በመንገዱ ላይ ሳቅ ተሰማ። ፀሐይቱ ብቅ ብትል ጉዲቱና በድሪያ ጥቁር ሰሌዳውን ግራና ቀኝ ይዘው ይመጣሉ፤ በስተኋላቸው ሌሎች ሴቶች ሰፌዳቸውን አንግበው ይከተላሉ። የሰፈሩ ሰው ቆሞ ያያል። ሰሌዳው በበሩ አልገባ ብሎ ሲያስቸግር በድሪያ «ትምህርት በግድ ነው የሚገባው» ብላ በጎኑ ገፋችው።

ሸዋወርቅ ከአልጋዋ ብድግ አለች። «ምንድን ነው ይሄ? ለቅሶ አስመሰላችሁብኝ። ልጄ በሕይወት አለ» አለች።

«ለቅሶ ማን አለ? መሠረተ ትምህርት ነው» አለች ጉዲቱ፣ ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ እያስደገፈች። «አንቺ አልመጣም ስትዪ ትምህርት ቤቱን ይዘን መጣን።» ከዚያ ሸዋወርቅን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። «ተቆጥቼ ነበር፣ ሸዋዬ። ለምን እዋሽሻለሁ? ስለ ክኒኑ ተቆጣሁ፤ ከሁሉ የቆጨኝ ግን ከጎኔ ተቀምጠሽ አለማወቄ ነው። አሁን ለቀቀኝ። ስለ መጋዘኑም እኛ ተነጋግረናል፤ ያልቻልሽ ቀን ድርሻሽን ተከፋፍለን እንለቅማለን። ካቦው የሚያየው የተሞላውን ጆንያ ነው። ልጅቷ ትምህርቷን ትማር።»

ሴቶቹ ለሸዋወርቅ ምስር የሞላ ሰፌድ ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። የሁሉም ጣት ሥራ ጀመረ። አንዷ ስለ ባሏ መጠጥ አወራች፤ ሌላዋ ስለ ሞተባት ልጅ። ፀሐይቱ የገረማት አንድም ሰው «አይዞሽ» አለማለቱ ነው። ቀስ ብላ ጉዲቱን ስትጠይቃት፣ ጉዲቱ «ተናግራ ሳትጨርስ አይባልም» አለቻት። «አይዞሽ አፍ ይዘጋል። ሲያልቅ ነው።» መሃል ላይ የአብዮት ጥበቃ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ በድሪያ ጮክ ብላ «በ፣ ቡ፣ ቢ!» አለች፤ ሴቶቹ ተከተሏት፣ ሲያልፍ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት።

ሸዋወርቅ ግን አልሳቀችም፣ አልተናገረችምም። ጉዲቱ ለፀሐይቱ በዓይኗ በሩን አሳየቻት፤ ልጅ ባለበት እናት አትናገርም ማለቷ ነበር። ፀሐይቱ የሒሳብ ደብተሯን አንስታ እንደ ልማዷ እናቷን እንዳትረብሽ በእግሯ ጫፍ ወደ በሩ ሄደች። መጋረጃውን አልፋ ደጃፉ ላይ ስትደርስ የእናቷን ድምፅ ሰማች።

«ወልዴ የሄደ ዕለት ተኝቼ ነበር» አለች ሸዋወርቅ። «ከመጋዘን ደክሞኝ ገብቼ እንደ ድንጋይ ወደቅሁ። ሳይነጋ ጠርተውታል። እንቅልፌን እንዳይነሳኝ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ኮቴውን አጥፍቶ ወጣ። ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። እንኳን ስንቅ ልቋጥርለት፣ ፊቱን አላየሁትም።»

የምስሩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ልከድን ስል ይቺኛዋም ትሄድብኛለች እላለሁ። ስትተኛ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። እሷም ልክ እንደ ወንድሟ ናት። ጠዋት ጠዋት ኮቴዋን አጥፍታ ነው የምትወጣው። ዞር ስል የለችም።»

ፀሐይቱ ወደ ታች አየች። ኮንጎ ጫማዋ በእጇ ነበር። ሁልጊዜ ደጅ ከወጣች በኋላ ነው የምታደርገው፤ እናቷ እንድታርፍ ብላ።

ሮጣ ገብታ እናቷን ማቀፍ ፈለገች፤ ግን እናቷ ገና አልጨረሰችም። ሴቶቹ «አይዞሽ» ሲሉ እስክትሰማ ጠበቀች። ከዚያ ጫማዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አደረገችውና መጋረጃውን ገልጣ ተመልሳ ገባች። ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ።

«እማዬ፣ ልወጣ ነው» አለች። «ጓደኛዬ ንዋይ ቤት ሒሳብ ልናጠና ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ እመለሳለሁ።»

ሸዋወርቅ ከስንት ቀን በኋላ ልጇን ፊት ለፊት አየቻት። እርጥብ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሂጂ» አለች። «ስትገቢም ንገሪኝ።»

«ብትተኚስ?»

ሸዋወርቅ ትንሽ አሰበች። «ብተኛም ቀስቅሺኝ።»

ፀሐይቱ እሺ ብላ ወጣች። በግቢው ጠጠር ላይ እየረገጠች፣ እናቷ ልትሰማት በምትችልበት አካሄድ፣ ቀስ ብላ እስከ አጥሩ በር ድረስ ሄደች።