የታላቅ ወንድም ዓይን

መርማሪዋ ስትደርስ የልብስ ሰፊዋ አስከሬን በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። በካንሰር የተያዘው የጉበቷ ግማሽ በቀዶ ጥገና ወጥቶላት፣ የቀረው ግማሽ ሥራውን እምቢ ብሎ ነው የሞተችው። እጁ የተመሰገነለት ቀዶ ሐኪም አንገቱን ደፍቷል። የሟቿ ባል ከሶታል፤ ሙያውን ሊነጠቅ ነው።

አስከሬኑን የመረመሩት አዛውንት ሐኪም መርማሪዋን ወደ ጥግ ወስደው፣ በቀረው ግማሽ ውስጥ አራት ትንንሽ እጢዎች እንዳገኙ ነገሯት። ከወጣው ትልቁ ጋር አምስት መሆኑ ነው።

«እጢው አንድ ሲሆን ቆርጦ ማውጣት ያድናል። በዝቶ ከተበተነ ግን ሌላ ሕክምና ይፈለጋል እንጂ እንዲህ አይቆረጥም። እያወቀ የሚገባበት ሐኪም የለም» አሏት።

ለማንም እንዳይተነፍሱ አደራ አለቻቸውና ሰዎቹን ተራ በተራ አነጋገረች። የማደንዘዣ ባለሙያዋ የሰማችው ስለ አንድ እጢ ብቻ ነበር። ቀዶ ሐኪሙም እንዲሁ አለ፤ የጉበቷን የሲቲ ስካን ምስል ግን ራሱ አላየውም። ምስል አንባቢው አስተምሮ ለወግ ያበቃው ታላቅ ወንድሙ ነው።

«ጋሼ ‹አንድ ነው፣ ግባ› ካለኝ ደግሜ አላይም» አላት።

ታላቅየው እንባ አቅርሮ ተቀበላት። ከበስተኋላው የታናሹ የሽልማት ፎቶ ተሰቅሏል፤ እሱ ራሱ ከፎቶው ዳር ግማሽ ፊቱ ተቆርጦ ይታያል። የወንድሙን ችኮላ ሲያማርር ቆየና፣ «በአምስት እጢ የተበላ ጉበት እንዲህ ተቆርጦ እንዴት ይቆማል?» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መርማሪዋ አመስግናው ወጣች፤ ከዚያም ባልየውን ጨምራ ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበች።

«ትንንሾቹ ምስሉ ላይ ደብዛዛ ናቸው። ስለዚህ አምልጠውዎት ነው ብዬ ነበር» አለችው ታላቅየውን። «ግን አምስት መሆናቸውን የምናውቀው እኔና አዛውንቱ ብቻ ነን። ከማንም አልሰሙም፤ ስለዚህ አይተዋል። አይተው ሲያበቁ ነው ‹አንድ ነው› ብለው ወንድምዎን የላኩት።»

ሰውየው ብዙ ሊክድ ሞከረ።

«ሁሉም የሱን እጅ ነው የሚያወድሰው» አለ በመጨረሻ። «የኔን ዓይን ማን አስታወሰ? አንድ ቀን እንኳ ሲሰናከል ላየው ፈለግሁ።»

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«በኔ ሚስት?» አለ ባልየው።

ታናሽየው ከወንበሩ ተነስቶ ወንድሙ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ዓይንህን እኔ አስታውሼው ነበር» አለ። «ምስሉን ያላየሁት ለዚህ ነው።»