በርግቧ ሆድ የቀረው ትንፋሽ

ይህ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ሰው ነገረኝ አልልም። ያላመነ መብቱ ነው... እኔ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በሙሉ አእምሮዬ አይቼዋለሁ።

ቦታው ሙራኖ ነው፤ የብርጭቆ ሠሪዎች ደሴት። ወሩ ጥር፣ ሰዓቱ ከቀኑ አስር። ጉሙ በቤቶቹ መካከል ካለው የውሃ ቦይ ላይ ተነስቶ ደጃፌን ውጦታል።

ኦርኔላ እባላለሁ። መተዳደሪያዬ ሰዎች የወረሱትን አሮጌ የጥበብ ብርጭቆ አይቼ ሠሪውንና አስመጪውን መለየት ነው።

ባሌ ኔሬዮ ብርጭቆ ነፊ ነበር፤ የቀለጠ ብርጭቆ በብረት ቱቦ እየነፋ ቅርጽ የሚሰጥ። በኅዳር ሞተ። ሳንባው ነው።

በመጨረሻው ቀን ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ድምፅ አልነበረውም። ምን ሊለኝ እንደነበር ሳላውቅ ቀበርኩት።

በሩ ተንኳኳ...

ከትሪየስቴ ከተማ የመጣች ሴት ናት። ዚታ ትባላለች። በሹራብ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋለች።

«ማን እንደሠራት ይንገሩኝ» አለች። «አክስቴ ቦነስ አይረስ ልብስ ሰፊ ነበረች። እዚያ ገዝታ ያመጣቻት ናት።»

ሹራቡን ፈታሁት።

አረንጓዴ ርግብ። ውስጧ ባዶ ነው፤ ግን አንዲት ቀዳዳ እንኳ የላትም። እንዲህ ያለውን ሠሪው ነፍቶ ይደፍነዋል። ትንፋሹ እዚያው ታፍኖ ይቀራል።

ክንፏ ላይ ስም የታተመበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል።

«ይህ የሠሪው ስም አይደለም» አልኳት። «ባሕር ማዶ ያስመጣው ነጋዴ ነው።»

ነጋዴውን ከድሮ መዝገቦች አውቀዋለሁ። ሱቁ የተዘጋው ኔሬዮ ገና ዳዴ ሲል ነው።

ወረቀቱ በኋላ የተለጠፈ እንዳይሆን በማጉያ መነጽር አየሁት። ሙጫው ቡናማ ሆኗል። ዙሪያውን ብርጭቆው በዕድሜ ተጫጭሯል፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ሥር ግን ንጹሕ ነው።

የድሮ ነው። ጥርጥር የለውም።

ከዚያ ገለበጥኳት...

ብርጭቆ ከመንፊያው ብረት ሲላቀቅ ከሥሩ ጠባሳ ይቀርበታል። ጠባሳው እንደ እጅ ጽሕፈት ከሠሪ ሠሪ ይለያል። ኔሬዮ ከተጋባን በኋላ የአውራ ጣቱን ጫፍ አጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን አጣሞ ስለሚይዝ ከጠባሳው አጠገብ ጎበጥ ያለች ጭረት ትቀር ነበር። የሌላ ማንም ሥራ ላይ አይቻት አላውቅም።

ጭረቷ እዚያ ነበረች።

ኔሬዮ ገና ዳዴ ሲል በተሸጠች ርግብ ላይ። ያን ጊዜ ነው ሌላውን ነገር ያስተዋልኩት።

ርግቧ ትሞቃለች።

«ከሹራቡ ነው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«አይደለም። ከኅዳር ጀምሮ እንዲህ ናት። ባሌ ‹እንቁላል ልትፈለፍልልን ነው› እያለ ይስቅ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን አይስቅም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትስላለች፣ ሲኞራ።»

«ምን አሉኝ?»

«ትስላለች... እንደ ሽማግሌ።»

የማን ሥራ እንደሆነች ነገርኳት። መቼ እንደሞተም ነገርኳት። ግድግዳው ላይ ያለውን የኔሬዮን ፎቶ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ ኮቷን ለበሰች።

«እንግዲያው የእርስዎ ናት።»

«ሹራብዎን...»

«ይቅር።»

ደረጃውን ስትወርድ ልትሮጥ ምንም አልቀራት።

ብቻዬን ቀረሁ። ርግቧን ጆሮዬ ላይ አስጠጋኋት።



ከዚያ ሳል። ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቤ ካለው ትራስ የሰማሁት ሳል።

«ኔላ...»

በዚህ ስም የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።

«አለሁ» አልኩ፤ እንባዬ ብርጭቆው ላይ ይወርዳል። «አለሁልህ። ያኔ ምን ልትለኝ ነበር?»

«ኔላ... ጠበበኝ።»

«ንገረኝ እንጂ። ያን ቀን አልሰማሁህም።»

«አየር...»

አንድ ቃል ባወጣ ቁጥር ትንፋሹ ያጥራል። ገባኝ። እዚያ ውስጥ ያለው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። እሱኑ ነው ስሜን እየጠራ የሚጨርሰው።

ባናግረው አፍነዋለሁ። ብሰብራት... ድምፁን ዳግመኛ አልሰማም።

ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፤ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። እንደናፈቀኝ ነገርኩት። በቀብሩ ዕለት ወንድሙ ሰክሮ ከነአበባ ጉንጉኑ ጀልባ ውስጥ እንደተዘረረ ነገርኩት። የሳቀ መሰለኝ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ቀጠነ...

«በቃ» አልኩት። «አትናገር። በናትህ አትናገርብኝ።»

ሹራቡ ላይ አስተኛኋት። መዶሻ አነሳሁ። ዓይኔን ጨፍኜ መታሁ።

ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ጥርስ እንደሚሰበር።

ፊቴ ላይ ሞቅ ያለ ነፋስ አለፈ። ትምባሆ ትምባሆ ይል ነበር። ከዚያ ክፍሉ ቀዘቀዘ።

«ኔሬዮ?»



ስብርባሪውን ለቅሜ ቀና ስል ደንገዝገዝ ብሏል። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ከጠባቡ ቦይ ማዶ ያለው ቤት ሰው ከለቀቀው ቆይቷል። ከመስኮቶቹ ሥር መቆሚያ የለም፤ ውሃ ብቻ ነው።

አንደኛው መስታወት ላይ፣ በሰው አፍ ቁመት፣ ክብ እንፋሎት ወጣ። ሰው መስታወት ተጠግቶ ሲተነፍስ እንደሚሆነው።

ጠፋ።

ቀጥሎ ያለው መስኮት ላይ ወጣ። ጠፋ። ከዚያም በሚቀጥለው...

በየመስኮቱ እየተጠጋ ወደ ውስጥ የሚያይ ሰው ይመስላል። የሚፈልገውን ያጣ ሰው።

መስኮቴን በርግጄ ከፈትኩ።

«በዚህ ነው» አልኩ። «ኔሬዮ... ቤትህ በዚህ ነው።»

እንፋሎቱ ለአፍታ ባለበት ቆየ።

ከዚያ እንዳልሰማ ሰው ወደሚቀጥለው መስኮት አለፈ።