የልብስ ሰፊው ነጭ ክር

ልብስ ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲገኝ የሥራ ካፖርቱን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቆ ነበር። በማግስቱ ሐኪሙ ምክንያቱን ተናገረ፤ ሰውየው የልብ መድኃኒቱን በአንድ ቀን ደጋግሞ ውጧል።

«ረስቶ ነዋ!» አለ ሠፈሩ በአንድ አፍ።

ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገው፣ ሟቹ የማስታወስ እንክብል ማስታወቂያ መሆኑ ነው። የልጁ ባል ከጄሊፊሽ የተሠራ እንክብል ይሸጣል። በሱቁ መስኮት ላይ የአማቱ ፎቶ ተለጥፏል፤ ቤቱ ከሰቀለው የሠርግ ፎቶው እጥፍ ይሆናል። ከሥሩ «ሁሉም ትዝ ይለኛል!» ይላል።

መርማሪዋ መጀመሪያ የገባችው እዚያ ሱቅ ነው። ወፈር ያለች፣ ወንበር የምትወድ ሴት ናት። ሰው ቸኩሎ የዘለለውን ነገር ሁሉ «ቆይ፣ ቆይ» እያለች ስለምትመልስ፣ የሥራ ባልደረቦቿ «ቆይ-ቆይ» ይሏታል።

«ይሄ ጄሊፊሽ የምትለው ምን ዓይነት ፍጡር ነው?»

«ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ነው፣ እትዬ። አጥንት የለውም፣ ደም የለውም…»

«አንጎልስ?»

ባለሱቁ ጆሮውን አከከ። «አንጎልም… የለውም።»

«ቆይ፣ ቆይ። ከሌለው ወስደህ ነው ለሰው የምታድለው?»

«ጥናት አለ ይላሉ።»

«እነማን?»

«አምራቾቹ ናቸው» አለ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። «ግን እትዬ፣ እኔም ለእናቴ የምሰጣት እሱን ነው። ደግሞ ጋሼ ድሬሰር መስክረውለታል! እሳቸው ባይሉ ማን ይገዛኝ ነበር?»

ይሄስ እውነት ነው። ጋሼ ድሬሰር ዕድሜውን ሙሉ በክሊኒክ ቁስል ሲያጥብና ሲሰፋ የኖረ፣ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ ነጭ ጋወኑን አላወለቀም፤ ሳል የያዘው ሁሉ በሩን ያንኳኳል። እሱ «ይጠቅማል» ያለውን ሠፈሩ ሳያኝክ ይውጣል።

የሟቹ ልጅ መርማሪዋን ወደ አባቷ መስፊያ ክፍል አስገባቻት። ዓይኗ አብጧል። ቆይ-ቆይ የልብስ ቁልፍ መሳቢያውን እስከ ጥጉ ሳበችው። ከቁልፎቹ በታች የእንክብሉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም አልተከፈቱም።

«አባትሽ ይሄን አይውጡም ነበር ማለት ነው።»

«እኔ እንጃ! ለባሌ ‹ተአምር ነው የሠራልኝ› ይለው ነበር።»

«መድኃኒታቸውንስ ማን ያስታውሳቸዋል?»

«ማንም። ከዚያ ቀን በፊት ግን አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም።»

መርማሪዋ ካፖርቱን አነሣች። በአንዱ ኪሱ ውስጥ ነጫጭ ክሮች ተጠቅልለዋል። ሌላኛው ኪስ አፉ ላይ ተቀዷል፤ ከቀዳዳው አጠገብ ክር ተንጠልጥሏል።

«ልብስ ሰፊ የገዛ ኪሱን ይቀዳል?»

«አባዬ? አባዬ ይሙት አይቀድም!» አለችና ደነገጠች። ከዚያ ክሩን ቀረብ ብላ አየችው። «ይሄ የጊዜያዊ ስፌት ክር ነው። ጨርቁ እስኪሰፋ ይያያዝበትና ኋላ ተስቦ ይወጣል። ግን ይሄኛው ተቋጥሯል። ተቋጥሮማ እንዴት ይወጣል?»

ቆይ-ቆይ ወደ ድሬሰሩ ቤት ሄደች።

«ደክሞ ነበር ወንድሜ» አላት ዓይኑን እየጠረገ። «ክሩን ስቦ አውጥቶ እንኳ መዋጡን አያምንም ነበር።»

«የሞቱ ዕለት አብረዋቸው ነበሩ?»

«እንዴታ! ልቡ ሲደክመው ካፖርቱን በር ላይ ሰቅሎ ያሸልባል። ብቻውን እንዳይሆን እኔ እቀመጣለሁ። ዳማ እንጫወታለን፣ ያሸልባል፣ ይነሣል…»

ያን ጊዜ መርማሪዋ «ቆይ» አላለችም። አመስግናው ወጣች።

ሦስቱንም መስፊያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንበሩን ራሷ ያዘችው።

«ሟቹ መርሳት ሲጀምራቸው እንክብሉን ሳይከፍቱ ተዉት» አለች። «በእሱ ፋንታ የሙያቸውን ዘዴ ያዙ። ማታ የኪሳቸውን አፍ ሳይቋጥሩ በነጭ ክር ይሰፉታል፤ ጠዋት መድኃኒቱን ሲውጡ ይስቡታል። ክር ካለ አልዋጡም፣ ከሌለ ውጠዋል። የዚያን ዕለት ግን ባሸለቡ ቁጥር አንድ ሰው ክሩን መልሶ ሰፋው። እሳቸውም በነቁ ቁጥር እየሳቡ ዋጡ፤ የሳቧቸው ክሮች ሌላኛው ኪስ ውስጥ አሉ። የመጨረሻው ግን ተቋጥሮ ስለነበር ሲስቡት እንቢ አላቸውና ኪሱ ተቀደደ።»

«ዘዴውን ማን ያውቃል?» አለ ባለሱቁ።

«አንተ አታውቅም፤ እንክብልህ የሠራ መስሎህ ነበር። ልጃቸውም አላወቀችም። ብታውቅ ኖሮም አትቋጥርም ነበር፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ጋሼ ድሬሰር ግን ሳልጠይቃቸው ስለ ክሩ ነገሩኝ።»

«ጓደኛዬ አይደል! አጫውቶኝ ነዋ!» አለ ድሬሰሩ።

«አዎ፣ ለእርስዎ ብቻ። ስፌቱን ይዩት። እያንዳንዱ ለብቻው ተቋጥሮ፣ ለብቻው ተቆርጧል። እንዲህ ተደርጎ የሚሰፋው ጨርቅ አይደለም፤ ቁስል ነው። በመጨረሻ ሲቸኩሉ እጅዎ የለመደውን ሠራ።»

ድሬሰሩ የጋወኑን ቁልፍ ሲነካካ ቆየ።

«ሊያዋርደኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሑድ ደንበኞች ሲሰበሰቡ እንክብሉን እንዳልዋጥኩት እውነቱን እናገራለሁ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው በእኔ ቃል የዋጠውን! ከዚያ ወዲያ ማን ቤቴን ያንኳኳል?»

ባለሱቁ እናቱ ትዝ አለችው መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቱ ግን አፍ ከፈታች ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው ቀና ብላ አየችው።

«አንተን?» አለችው። «አባዬ ንግግሩን ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ። ስምህን አያነሣም ነበር። ‹ወዳጄ የመሰከረው እኔን አምኖ ነው፣ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ› ነበር የሚለው።»

ድሬሰሩ የጋወኑን ቁልፍ ለቀቀ።

«እንዲህ ብሎ አልነገረኝም…»

«መች ጊዜ ሰጠኸውና!»