ከኮራሎቹ በላይ የተሰቀለው መብራት

የጥርስ ሐኪሙ ሳሎኑ ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቷል። የኋላ ጭንቅላቱ እንደ ወደቀ እንቁላል ተሰነጣጥቆ፣ ደሙ እስከ ሶፋው እግር ወርዶ ረግቷል። አጠገቡ ከተቦደሰው ኮርኒስ የወደቀ የሚመስል ከባድ የብረት መብራት አለ። ግድግዳውን የሚያክለው የባህር ውሃ አኳሪየም ግን በቀረው አንድ መብራት ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ሥር ምንም እንዳልተፈጠረ ይንቦጫቦጫል።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ፣ ባለፈው ሳምንት ከአኳሪየሙ በላይ ሁለቱን መብራቶች የሰቀለው ኤሌክትሪሺያን በካቴና ታስሮ አፍንጫው ይደማ ነበር። ቡጢውን ያቀመሰው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ የባዮሎጂ መምህር።

«ወንድሜን የፈጀው የዚህ ሰው ግዴለሽነት ነው!» አለ መምህሩ፣ ፖሊስ እየጎተተው። «ሚስቱ፣ እትዬ፣ ደውላልኝ ነው የመጣሁት። ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ቤት አልረገጥኩም።»

«ይመኑኝ፣ እመቤቴ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ኮርኒሱ ላይ አልሰቀልኩትም። አንኳኩቼ ከላይ ያለውን ወፍራም እንጨት ፈልጌ ነው መንጠቆውን ያሰርኩት። ያም ቢከዳ ብዬ በሁለተኛ ሽቦ ይዤዋለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ እኔ ከታሰርኩ አለቀላቸው።»

ወንፊት እንባ ምርመራ ያበላሻል ባይ ናት። ተንበረከከች። ደሙን አየች፣ መንጠቆውን በጣቷ ዳሰሰች፣ ሽቦውን ጫፍ ድረስ ተከተለችው። ከዚያ ፋርማሲስት ወደሆነችው ሚስት ዞረች።

«ጠዋት መብራቱ እንዴት ነበር?»

«ዓይን ያጠፋ ነበር። ለሥራ ስወጣ ዓይኔን በእጄ ከልዬ ነው ያለፍኩት። ባሌ ሙሉ ካልበራ ብሎ ድርቅ አለ። ዋርሳዬ፣ ወንድሙ፣ ቀንስ ብሎ በስልክ ቢለምነው ተጣሉ።»

ወንፊት አስከሬኑን አንሶላ አልብሳ ሁሉንም አኳሪየሙ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«መብራት ሦስት ጊዜ አይወድቅም» አለች። «ይህ ጭንቅላት ግን ሦስት ቦታ ተፈርክሷል። በክብደት የተነቀለ መንጠቆ ጥርሱ ላይ እንጨት ይዞ ይወጣል፤ ይሄኛው ንጹሕ ነው፣ በእጅ ተፈትቷል። ሁለተኛው ሽቦም አልተበጠሰም። የኮርኒሱ ብናኝ ደግሞ ከረጋው ደም በላይ ነው ያለው። ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው ኮርኒሱ የተቦደሰው።»

ኤሌክትሪሺያኑ በታሰረ እጁ የአፍንጫውን ደም ጠረገ።

«አሁን የቀረኝ ይሄ ነው። ጠዋት ዓይን ያጠፋ የነበረው መብራት አሁን ደብዝዟል። ማን ቀነሰው?» የማንም መልስ ሳትጠብቅ የመብራቱን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው፣ እስከ መቶ አዞረችው። ነጭ ብርሃን ውሃውን ሞላው። ድንጋይ የሚመስሉት ኮራሎች፣ ነፍስ ያላቸው የባህር እንስሳት፣ ገሚሶቹ በሳምንቱ ብርሃን ገርጥተው ነጭ አጥንት መስለው ታዩ።

«ተዪው!» ብሎ ጮኸ መምህሩ። «ያልቃሉ! እኔ ሃያ ላይ ነው የተውኩት!»

ያለውን የሰማው ከሁሉም ኋላ ራሱ ነው። ማዞሪያው ላይ ሲወረወር ሁለት ፖሊሶች ተረባርበው ጣሉት፤ አገጩ የአኳሪየሙን ጠርዝ መትቶ ከንፈሩ ተተረተረ።

«ዘጠኝ ዓመት አብረን ያሳደግናቸው ናቸው» አለ ደም እየተፋ። «በትንሹ ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር አልኩት፤ ሳቀብኝ። ዛሬ አንዱን ላወርደው ፈትቼ ስይዝ በጥፊ አጮለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። መብራቱ እጄ ላይ ነበር።»

«ወንድምህን ፈጅተህ፣ ደሙ ሳይደርቅ የተጨነቅኸው ለእነዚህ ነው» አለች ወንፊት። ካቴናውን ከኤሌክትሪሺያኑ ፈትታ ለእርሱ አሰረችው። ኤሌክትሪሺያኑ አንጓውን እያሻሸ ልጆቹ ጋ ሊደውል ስልኩን ፈለገ።

መምህሩ በር ላይ ሲደርስ ዞረ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ ሃያ ላይ መልሺው።»

ሚስትየዋ አንሶላውን አየችው። ሄዳ የመብራቱን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች፤ መምህሩ እፎይ አለ። ከዚያ የብረቱን ወንበር በሁለት እጇ አንስታ የአኳሪየሙን መስታወት መታችው። ወንፊት ልትይዛት እጇን ብትዘረጋም አልደረሰችባትም። በሦስተኛው ምት መስታወቱ ፈነዳ፤ ውሃው ዓሣና ኮራል እየጠረገ ደሙን ይዞ እስከ በሩ፣ እስከ መምህሩ ጫማ ደረሰ።

መምህሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።